እህቴን ልጠይቅ ሄጄ በርገንን ያየሁት

ታላቅ እህቴን በአካል ካየኋት ከአሥራ አምስት ዓመት በላይ ሆኖኝ ነበር። እሷ በሱዳን በኩል ወጥታ፣ ብዙ ተንከራትታ፣ ኖርዌይ ውስጥ በርገን በምትባል የወደብ ከተማ ስትቀመጥ እኔ ገና ተማሪ ነበርኩ። ኋላ ዲቪ ደረሰኝና እኔም አሜሪካ፣ ኮሎምበስ ገባሁ። እትዬ ነው የምላት። እናታችን ቶሎ ስላረፈች ፀጉሬን የሠራችኝም፣ እጄን ይዛ ትምህርት ቤት ያስገባችኝም እሷ ናት። ከተለያየን ወዲህ ግን እትዬ ማለት ለእኔ ይበልጡን ድምፅ ነበረች።

በፈረንጆቹ 2020 በኮሮና ምክንያት፣ ፖላሪስ የገበያ ማዕከል የምሠራበት የጫማ መደብር ሲዘጋ ያ ድምፅ ይበልጥ አስፈለገኝ። ቤት የምትጋራኝ ልጅ ዳላስ ወንድሟ ጋ ሄደች፤ ባለሁለት መኝታ አፓርትመንት ውስጥ ብቻዬን ቀረሁ። ዌርሃውስ ሥራ አገኘሁ። እዚያም ማስክ አድርገን፣ ተራርቀን ቆመን፣ ካርቶን ከማሸግ በቀር ወሬ የለም። አንዳንድ ቀን ከሺፍት ወጥቼ መኪናዬ ውስጥ ስገባ ለእትዬ ኮል አደርግና «ሄሎ» ስል ድምፄ ጎርንኖ ይወጣል። ለካ ሙሉ ቀን አፌን ሳልከፍት ውያለሁ።

እሷም በአረጋውያን መንከባከቢያ ቤት ነው የምትሠራው። ከባሏ ከተለያዩ ቆይተዋል፤ ልጅም የላትም። ደክሟት ሶፋ ላይ ጋደም ብላ ነው የምታናግረኝ።

«ይሄ ነገር ይለፍና ትመጫለሽ» ትለኛለች። «ዓሣ ጠብሼ አበላሻለሁ። አሮጌዎቹን የእንጨት ቤቶች አሳይሻለሁ። ተራራውም ላይ ይዤሽ እወጣለሁ።»

በ2022 መጀመሪያ መንገዱ ተከፈተ፤ ሱፐርቫይዘሬም አንድ ሳምንት ፈቀደልኝ። ሞርስ ሮድ ካለው የሐበሻ ሱቅ በርበሬ፣ ሽሮ፣ ኮረሪማና ድርቆሽ ሸመትኩ። ባለሱቁ ዕድሜያቸው ገፋ ያለ ሰው ናቸው። ዕቃውን አየት አድርገው «ልጄ፣ ድግስ አለሽ እንዴ?» አሉኝ።

«እህቴን ልጠይቅ ነው፣ ጋሼ።»

«እንግዲያማ» ብለው አንድ ከረጢት ቆሎ ከራሳቸው ጨመሩልኝ።

አውሮፕላን ልቀይር አምስተርዳም ስወርድ ስልኬን ከፈትኩ። እትዬ ደጋግማ ደውላ ኖሯል። መልሼ ስደውል ድምጿ ተዘግቷል።

«የት ደረስሽ?»

«አምስተርዳም። ምን ሆነሽ ነው?»

«ሥራ ቦታ መረመሩን። ፖዘቲቭ ነኝ። ቤት እንዳትመጪብኝ።»

«ክትባቴን ጨርሻለሁ እኮ። እመጣለሁ።»

«አይሆንም። ከቤት እንዳልወጣ፣ ሰውም እንዳላስገባ ተነግሮኛል። ደግሞ ደረትሽን ታውቂዋለሽ።»

ደረቴን አውቀዋለሁ፤ አስም ከልጅነቴ ጀምሮ አለብኝ። በዚያ ዘመን ሌሊቱን ቁጭ ብላ ጀርባዬን የምታሸኝ እሷ ነበረች። ከአጠገቤ ሰዎች ሻንጣቸውን እየጎተቱ ያልፋሉ። በመጨረሻ «ወደቡ አጠገብ ሆቴል ይዤልሻለሁ» አለችኝ። «እኔን ባታዪ ከተማዬን እዪ።»

እንዲህ ሆኜ ነው ቱሪስት የሆንኩት።

በርገን ስደርስ ዝናብ ነበር፤ እስክመለስም አላባራም። ጀምበሯ ረፋድ ላይ ብቅ ትልና ገና ከሰዓት በኋላው ሳይጋመስ ጥላን ትሄዳለች። ባለችው ትንሽ ብርሃን ኢርፎኔን ጆሮዬ ላይ ሰክቼ እወጣለሁ፤ እትዬ አልጋዋ ላይ ሆና ትመራኛለች።

«ውሃው በግራሽ ነው?»

«አዎ።»

«እሱን ይዘሽ ሂጂ። ቀይና ቢጫ የእንጨት ቤቶች ታያለሽ።»

አየኋቸው። በጣም ያረጁ ናቸው፤ አንዱ በሌላው ላይ ዘመም ብሎ፣ እንደ ደከመው ሰው ተደጋግፈው ቆመዋል። በመካከላቸው ባለው ጠባብ መተላለፊያ ስገባ እርጥብ እንጨት ሸተተኝ፤ የእግሬ ኮቴ ከወለሉ ጣውላ ተመልሶ ይሰማኛል። ወደ ውጭ ብቅ ስል ነፋሱ ጥላዬን ገለበጠው። ስነግራት ሳቀች፤ ሳቋ ወደ ሳል ተለወጠና ረዥም ጊዜ ጠበቅኳት።

«እዚህ አገር ጥላ የሚይዝ ቱሪስት ብቻ ነው» አለችኝ ሲሻላት።

ዓሣ ገበያው ውስጥ ገብቼ አንድ ሳህን የዓሣ ሾርባ አዘዝኩ። አስተናጋጁ «ሁለት ማንኪያ?» ብሎ በእንግሊዝኛ ጠየቀኝ። አይ፣ አንድ ይበቃል አልኩት። እትዬ ስልኩ ላይ እንዳለች ዘንግቼ ኖሮ «ሁለት አምጣ አትይውም?» አለችኝ። ልትቀልድ ነበር፤ ሁለታችንንም ግን አላሳቀንም።

በማግስቱ ዳገቱን በገመድ በሚጎተተው ባቡር ተራራው ላይ ወጣሁ። ከላይ ሲታይ ከተማው በውሃ የተከበበ ነው፤ መብራቱ ከሰዓት በኋላ ገና በጊዜ በርቷል። አንድ የዝናብ ካፖርት የለበሱ፣ በዕድሜ የገፉ ሴት ፎቶ እንዳነሣቸው ጠየቁኝ። አነሣኋቸው። እሳቸውም በተራቸው ሊያነሡኝ ስልኬን ተቀበሉኝ።

«ከየት መጣሽ?»

«ከኦሃዮ።»

«ለጉብኝት ነው?»

«እህቴን ልጠይቅ።»

ዘወር ዘወር ብለው አዩ። «የት አለች?»

«እዚያ» ብዬ ጣቴን ወደ ታች ዘረጋሁ። የእትዬ ቤት በዚያ በኩል ይሁን በሌላ በእርግጥ አላውቅም ነበር። ሴትዮዋ የጠቆምኩበትን አቅጣጫ በትኩረት አዩና፣ የገባቸው ይመስል ራሳቸውን ነቀነቁ።

በሦስተኛው ቀን ሳልነግራት አድራሻዋን ይዤ በከተማው ባቡር ቤቷ ድረስ ሄድኩ። ከሕንፃው ሥር ቆሜ ደወልኩላት። «በረንዳ ላይ ውጪ» አልኳት።

«አላልኩሽም? ትታመሚያለሽ።»

«ከታች ነው ያለሁት። ውጪ እባክሽ።»

በሩ ተከፈተ። አራተኛ ፎቅ ላይ ጋቢ የተከናነበች፣ አጠር ያለች ሴት ወጣች። አልፎ አልፎ በቪዲዮ ስንነጋገር ፊቷን ብቻ ነበር የማየው። ትከሻዋ እንዲህ መጉበጡን፣ ቀጥ ስትል የብረቱን አጥር መደገፏን አላውቅም ነበር። መጮህ ሳሏን ስለሚያስነሣባት በስልክ ነው ያወራነው። አፏ ሲንቀሳቀስ አያለሁ፤ ድምጿ ትንሽ ዘግይቶ ይደርሰኛል።

«ወፍረሻል» አለችኝ።

«አንቺ ደግሞ ከስተሻል።»

«ኮፍያሽን አድርጊ፤ ፀጉርሽ ራሰ።»

አደረግኩ። ልጅ ሆኜ እንደማደርገው ወዲያው ነው የታዘዝኳት። ከዚያ እጇን አነሣች፤ እኔም አነሣሁ። አንድ ጎረቤት ውሻውን ይዞ ሲያልፍ ሁለታችንንም አይቶ፣ አንገቱን ደፍቶ ሄደ።

በርበሬና ሽሮ የያዘውን ሻንጣ ፎቁን ወጥቼ ደጃፏ ላይ አስቀመጥኩ። እዚያ በፎጣ የተጠቀለለ ድስት ተቀምጦ አገኘሁ። ሳልነግራት መምጣቴን ጠርጥራ ኖሯል። በሩን በመዳፌ ነካሁት። «አለሁ» አለች ከውስጥ፣ ያለ ስልክ። ያን ያህል ነው የቀረብኳት። ሆቴሌ ተመልሼ አልጋ ጠርዝ ላይ ቁጭ ብዬ የሠራችውን የዓሣ ወጥ በላሁ። ትኩሳት ላይ ሆና ስለሠራችው ጨው በዝቶበት ነበር፤ አልነገርኳትም።

ሱፐርቫይዘሬ ጋ ደውዬ ጥቂት ቀን እንዲጨምርልኝ ለመንኩት። «እዚህም ሰው እየታመመብኝ ነው፤ ሰኞ እፈልግሻለሁ» አለኝ። ሐኪሞቹ ደግሞ እትዬን ከቤት ለመውጣት ገና ቀናት ይቀሩሻል ብለዋት ነበር።

ወደ አውሮፕላን ማረፊያ የሚሄደው ባቡር በሕንፃዋ አጠገብ ያልፋል። «በቀኝ በኩል ተቀመጪ» አለችኝ፤ «በረንዳ ላይ እቆማለሁ።» ተቀመጥኩ። መስኮቱ በእንፋሎት ተሸፍኖ ነበር፤ በእጅጌዬ ጠረግኩት። ሕንፃዎቹ ሁሉ አንድ ዓይነት፣ በረንዳዎቹም አንድ ዓይነት ናቸው። አንዱ ላይ ነጭ ነገር ያየሁ መሰለኝ፤ ወዲያው አለፍነው።

«አየሽኝ?»

«አየሁሽ» አልኳት።

«እኔም ባቡሩን አየሁት» አለች።

ኮሎምበስ ስመለስ የሥራ ጓደኞቼ ፎቶ አሳዪን አሉኝ። ቤቶቹ፣ ወደቡ፣ ተራራው አሉ፤ ቆንጆ አገር ነው አሉ ሁሉም። እኔ ያለሁበት አንድ ፎቶ ብቻ ነው፤ ተራራው ላይ ሴትዮዋ ያነሡኝ፣ ግማሽ ጣታቸው የገባበት። የእትዬን ቤት ውስጡን ሳላየው ቀርቼ ሶፋዋ ምን ዓይነት ቀለም እንዳለው እስካሁን አላውቅም።

እትዬ ዳነች፤ ሳሉ ግን ለወራት አልለቀቃትም። በዓመቱ አጋማሽ እኔ ጋ ትመጣለች ብለን ነበር፤ ጉልበቷ አመማትና አልሆነም። አሁንም እንደዋወላለን። ከበርገን ወዲህ ግን ወሬያችን ቀንሷል። ስልኩን ሁለታችንም ስፒከር ላይ አድርገን ሥራችንን እንሠራለን። እሷ ዕቃ ስታጥብ ይሰማኛል፣ እኔም ሽንኩርት እከትፋለሁ። ረዘም ያለ ጊዜ ዝም ስንል አንዷ «አለሽ?» ትላለች፤ ሌላዋ «አለሁ» ትልና ሥራችንን እንቀጥላለን።