ሊቭ ማለት ማስቀረት ነው

ከጉለሌ የወጣሁት ጎህ ሳይቀድ፣ የመጀመሪያው የዊንጌት አውቶቡስ ሳይመጣ ነው። ለቀበሌው ሊቀመንበር እጅ መንሻ ሰጥቼ፣ «ጎንደር አክስቴን ልጠይቅ፣ ለሳምንት ብቻ» ብዬ የይለፍ ወረቀት አውጥቻለሁ። እናቴ እውነቱን ታውቃለች። አላለቀሰችም። ነጠላዬን አስተካከለችና ለሰርግ እንደምትጠራኝ «እንዳትቀሪ» አለችኝ። «አልቀርም» አልኳት።

ከጎንደር ሱዳን ድረስ በእግሬ፣ ካርቱም አንድ ዓመት ሰው ቤት ሠርቼ፣ ለንደን ገባሁ። ዝናቡ እንደኛ ሐምሌ ወርዶ አይወጣለትም፤ ቀኑን ሙሉ ይንጠባጠባል። የአከራዬ ሾርባ የበሽተኛ ሾርባ ያስመሰግናል። እንግሊዝኛዬን ግን እተማመንበት ነበር። አስተማሪያችን «ሊቭ፣ ሌፍት፣ ሌፍት» እያለ በአለንጋ አስጠንቶናል። ሊቭ ማለት መሄድ። መኖርም በኛ አፍ ያው ሊቭ ነው። በቃ።

በመጀመሪያው ቀን ብርጭቆ ሰብሬ ስብርባሪውን ስለቅም አከራዬ «ሊቭ ኢት! ሊቭ ኢት!» ብላ ጮኸች። ሻንጣዬን አንስቼ ዝናቡ ውስጥ ወጣሁ። ተከትላኝ ሮጠች።

«ወዴት ነው?»

«ውጪ አልሽኝ እኮ!»

«ተይው ነው ያልኩሽ! እጅሽን ይቆርጥሻል!»

ይሄ ያስቃል። የኢሚግሬሽኑ አያስቅም። አስተርጓሚ እናምጣልሽ ሲሉኝ፣ አሥራ ሁለተኛን የጨረስኩት እኔ፣ አልፈልግም አልኩ። (ለምትመጡ ልንገራችሁ፤ እሺ በሉ።) ሹሙ «ኋይ ዲድ ዩ ሊቭ ኢትዮጵያ?» አለኝ። እኔ የሰማሁት «ለምን ኖርሽ?» ነው። ምን ዓይነት ጥያቄ ነው!

«እናቴ እዚያ ስላለች ነዋ!»

ብዕሩን አስቀመጠ። «እናትሽ እዚያ ስላለች ጥለሻት ሄድሽ?»

ደሜ ፈላ። እንዲህ ተብሎ ከተጻፈ ይመልሱኛል፤ ከተመለስኩ ደግሞ ወንድሜ ወደገባበት ነው። «ጥያት አልሄድኩም» አልኩት። «አብዮት ጥበቃዎች ወንድሜን ከቤት ወሰዱት። በማግስቱ እኔን ብለው መጡ፤ ቤት ስላልነበርኩ ተረፍኩ። አስወጡኝ! ይህን ጻፍ።»

ጻፈ።

ከወራት በኋላ ደብዳቤ መጣ፤ «ሊቭ ቱ ሪሜይን» ይላል። ሂጂና ቅሪ? እየተሳደብኩ የሰፈሩ ቤተ መጻሕፍት ገባሁና ትልቁን መዝገበ ቃላት ገለጥኩ። ይሄኛው ሊቭ ፈቃድ ነው፤ መቆየት ተፈቅዶልኛል። «ላቭ» ከሚሉት የፍቅር ቃላቸው ጋር ይዛመዳል ይላል መዝገቡ፤ ሹሙን ያየ ማን ያምናል! የኔው ሊቭ፣ ግሱ፣ ሌላ ነው። ጥንት መሄድ ማለት አልነበረም፤ ማስቀረት ነበር። ሰው ለሌላው የሚያስቀረው፣ ሲሞት ለልጁ የሚተወው። ቃሉ ለሚሄደው ሰው የተሰጠው ቆይቶ ነው። አስተማሪያችን ይህን አልነገረንም።

በዚያው ሳምንት ጉለሌ፣ ጎረቤታችን ቤት ስልክ ደወልኩ። እናቴ ተጠርታ ስትሮጥ መጣች።

«ቀረሽ አይደል?»

ምን ልበላት? በኛ ቋንቋ እዚህ የቆየም፣ እዚያ ያልተመለሰም፣ ሁለቱም ቀረ ነው የሚባለው።

«ወረቀት ሰጡኝ፣ እማዬ።»

«እሰይ! እኔን ደግሞ ቀበሌ ጠርተው፣ ቀርታለች፣ ስሟን ከስኳር ራሽን ዝርዝር እንሰርዝ አሉኝ። እምቢ፣ ትመጣለች አልኳቸው። ድርሻሽን በጣሳ አስቀርቼልሻለሁ።»

ስልኩን የሚጠልፍ ካለ፣ እውነትም ትመጣለች ይበል ብዬ ጮህኩ፤ «ለማንም እንዳትሰጪ!»

«ለማንም አልሰጥም» አለች። «ብቻ ጉንዳን እንዳይቀድምሽ።»