ከስንዱ ፋይል የሰረዝኩት መስመር

ባለፈው ሳምንት መሥሪያ ቤቴ አዲስ ላፕቶፕ ሰጠኝ። ከአሮጌው ወደ አዲሱ የማሻግረው ብዙ ነገር አልነበረም፤ ሰነዱ ሁሉ ዛሬ ሌላ ቦታ ነው የሚቀመጠው። አንዲት ትንሽ ፋይል ብቻ ቀረች። ላዛውራት ስከፍታት ዓይኔ ከላይ እስከ ታች ወረደባትና፣ ሰው ያየኝ ይመስል ዞር ዞር ብዬ ክፍሉን ቃኘሁ። ማንም አልነበረም። አርባን አልፎ፣ ብቻውን ቢሮ ተቀምጦ የሚያፍር ሰው ካለ እኔ ነኝ።

ለማያውቀው አንባቢ ላስረዳ። ኮምፒውተርን ጥቁር መስኮት ከፍቶ ትእዛዝ በመጻፍም ማሠራት ይቻላል። በዚያ መስኮት የሚውል ሰው፣ ባልትና የምታውቅ ሴት ማድቤቷን እንደምታሰናዳ፣ ዕቃውን ሁሉ እጁ በሚደርስበት ያኖራል፤ ረጅሙን ትእዛዝ በአጭር ስም ይጠራዋል፣ ቀለሙን ይመርጣል፣ የት እንዳለ የሚነግረውን ምልክት ያበጃል። ይህ ሁሉ የሚጻፈው አንዲት ፋይል ውስጥ ነው። ፋይሏን ያየ የባለቤቷን የሥራ ጠባይ ያውቃል። እኔ ዘንድ ያለችው ግን የስንዱን ጠባይ እንጂ የእኔን አታሳይም።

በፈረንጆቹ ሁለት ሺህ አሥራዎቹ መጀመሪያ ላይ ኮሪያታውን በሚባለው ሰፈር አንድ አሮጌ ሕንፃ ላይ እንኖር ነበር፤ እኔ ከሁለት ታክሲ ነጂዎች ጋር፣ ስንዱ ከአክስቷ ልጅ ጋር ከእኛ በላይ ባለው ፎቅ። ስንዱ አዲስ አበባ ሳለች የአንድ ኮሌጅ ኮምፒውተሮች ኃላፊ ነበረች። ዲቪ ደርሷት ስትመጣ ያገኘችው ሥራ አረጋውያንን መንከባከብ ሆነ። እኔ ሃያ ስድስት ዓመቴ ነበር፤ ፌርፋክስ አካባቢ ፓርኪንግ እሠራለሁ። ግንቦት ላይ የጃካራንዳው ሐምራዊ አበባ እየረገፈ መኪኖቹ ላይ ሲጣበቅ ባለመኪኖቹ የሚቆጡት እኔን ነበር፤ ዛፉን የተከልኩት እኔ ይመስል።

እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ ስንዱ ወጥ ቤቷ ውስጥ ታስተምረኝ ነበር። ላፕቶፗ ከማርጀቱ የተነሳ ሁለት ነገር አብሮ ሲከፈትበት ስለሚያቃስት፣ ሁሉን ነገር የምትሠራው በጥቁሩ መስኮት ነው። አንድ ደንብ ነበራት፤ ሦስት ጊዜ የጻፈችውን ትእዛዝ አራተኛ አትጽፈውም፣ አጭር ስም ታወጣለታለች። ስሞቹ በላቲን ፊደል የተጻፉ የቤት ቃላት ናቸው። «ጓዳ» ብላ ስትጽፍ ስንትና ስንት ማኅደር ውስጥ የተቀበረው የሥራ ቦታዋ ይከፈታል። «ገበታ» የዕለቱን ሥራ ይዘረዝራል። «ልቀም» ስትል፣ ከምስር ጠጠር እንደሚለቀም፣ ማሽኑ ከመዘገበው ሺህ መስመር መካከል ጥፋት ያለበትን ብቻ ያወጣል። የሰው እጅ እንዲህ ሲቀልል አይቼ አላውቅም ነበር።

አንድ እሑድ ፋይሏን ፍላሽ ላይ አድርጋ ሰጠችኝ።

«ኮፒ አድርገው፣ ግን ዝም ብለህ ዩዝ እንዳታደርገው» አለችኝ። «መጀመሪያ እያንዳንዱን መስመር አንብብ። ያልገባህን ጠይቀኝ፣ ኦኬ?»

«ኦኬ።»

ያነበብኩት የመጀመሪያዋን መስመር ብቻ ነው። ማሽኑ ዘሎ የሚያልፋት፣ ለሰው ብቻ የተጻፈች መስመር ነበረች። «ስንዱ ሠራችው፣ ለሚጠቅመው ሁሉ ይሁን» ትላለች።

በዚያው ዓመት መጨረሻ ግሌንዴል ያለ አንድ ትንሽ ቢሮ ለሙከራ ቀጠረኝ። የሱቆችንና የክሊኒኮችን ዌብሳይት የሚጠብቅ ቢሮ ነበር። ሥራ ልጀምር ዋዜማ ያቺን መስመር ሰረዝኳት። ፈረንጅ ከኋላዬ ቆሞ ሲያይ ስለ ሰው ስም ጥያቄ እንዳያበዛ ነው ብዬ ለራሴ ሰበብ ሰጠሁት። ሰበቡን ራሴም አላመንኩትም፤ ግን ራሴን የሚሞግትልኝ ሰው አልነበረም።

አለቃዬ ቫርታን የሚባል ትውልደ አርመን ሽማግሌ ነበር፤ ደግና ጨዋታ አዋቂ። በሁለተኛው ሳምንት የአንድ ክሊኒክ ገጽ ተበላሽቶ ሁሉም ሲራወጥ እኔ «ልቀም» ብዬ ጻፍኩ፤ ጥፋቱ ቁልጭ ብሎ ወጣ። ቫርታን ወንበሩን ስቦ አጠገቤ ተቀመጠ።

«ይህን ማን ሠራው?»

«እኔ» አልኩ።

ከአፍ የወጣ አፋፍ ነውና መመለሻ አልነበረውም። ጓዳ ምን ማለት እንደሆነ ሲጠይቀኝም እንደ ባለቤት ሆኜ አስረዳሁት። በወሩ ሙከራው ቀርቶ ቋሚ ሆንኩ። በሰው ወርቅ አይደምቁ ይባላል፤ እኔ ደምቄበት እንጀራም በላሁበት።

በዓመቱ ቢሮው አንድ ተጨማሪ ሰው ፈለገ። ለስንዱ የነገርኳት እኔ ነኝ። ራሴን ለማሳመር አይደለም የምጽፈው፤ ከልቤ እንድትገባ እፈልግ ነበር። አዛውንቶቹን ስታነሳና ስታገላብጥ ወገቧ መታመም ጀምሮ ነበር፤ ያ ሥራ ለእሷ መገላገያዋ ነው። ስለ ፋይሏ ግን ትንፍሽ አላልኩም። ኢንተርቪው ማለት ጥያቄና መልስ ብቻ መስሎኝ ነበር። የሞኝ ተንኮል እንዲህ ነው።

ጥቅምት ላይ ነበር፤ ከበረሃ የሚመጣው ደረቅ ነፋስ ጉሮሮ ያከስላል። ስንዱ የአክስቷን ልጅ ሰማያዊ ኮት ለብሳ፣ ተራዋን ከሥራ ባልደረባዋ ጋር ተቀያይራ፣ በሁለት አውቶቡስ መጣች። ቫርታን እኔንም አስቀመጠኝና «እስኪ በራስሽ ላፕቶፕ እንዴት እንደምትሠሪ አሳዪን» አላት። ጥቁሩ መስኮት ተከፈተ። ቀለሙ ያው የማውቀው ቀለም። «ጓዳ» ብላ ጻፈች።

ቫርታን ሳቀ። «ይሄማ የእሱ ነው» አለ ወደ እኔ እየጠቆመ። ከዚያ ያለ ምንም ክፋት ወደ እሷ ዞረ። «ከእሱ ነው የወሰድሽው?»

ስንዱ አየችኝ። አልተቆጣችም፤ ጠበቀች። እኔ አቀርቅሬ ጠረጴዛው ላይ ያለውን የውሃ ጠርሙስ ጽሑፍ አነበብኩ። ከየትኛው ምንጭ እንደተቀዳ ሳይቀር አነበብኩ።

«አዎ፣ ጎረቤታሞች ነን» አለችው።

ስትወጣ ቫርታን በሩን ዘጋ። «ጨዋ ልጅ ናት። እኔ የምፈልገው ግን እንዳንተ መሣሪያውን ራሱ የሚያበጅ ሰው ነው። አንተ ምን ትላለህ?»

ሁለተኛ ዕድል ተሰጠኝ ማለት ነው። «ታታሪ ናት» አልኩ። ለባለሙያ ሰው እንዲህ ያለ ምስክርነት ከስድብ አይሻልም።

ቅዳሜ ፌርፋክስ ላይ አንድ ምግብ ቤት ተገናኘን። ስንዱ የጽጌን ጾም ትጾማለችና የጾም በያይነቱ አዘዘች። ምስሩ፣ ጎመኑ፣ ሽሮው መጣ። እሷ ትበላለች፤ እኔ አንዷን ጉርሻ ይዤ እጄ ላይ አደርቃለሁ።

«አንተ ትናገራለህ ብዬ ነበር የጠበቅኩት» አለች። «ስታቀረቅር ሳይ፣ ሶ፣ ምን ላድርግ? ሁለት አበሻ ፈረንጅ ፊት ውሸታም ውሸታም ሲባባል ከሚያይ ብዬ ተውኩት። ደግሞስ ፋየር ቢያደርግህ፣ ብር የምትልክላቸው እናትህ በምን ሊኖሩ ነው?»

«ሰኞ እነግረዋለሁ።»

«ኦኬ» አለችና ሽሮውን ወደ እኔ አስጠጋችው። «ብላ።»

ሰኞ አልነገርኩትም። ማክሰኞ ቫርታን ታሞ ቀረ፤ ሰው ታመመ ተብሎ እንደዚያ ደስ ብሎኝ አያውቅም። ረቡዕ ሥራው ለሌላ ሰው ተሰጠ። ከዚያ በኋላ መናገሩ ምን ይጠቅማል አልኩ። ስንዱ ብዙም ሳትቆይ ወደ ኖርዝ ሆሊውድ ለቀቀች፤ ደረጃው ላይ መገናኘቱም ቀረልኝ።

በሁለተኛው ዓመት ለፋሲካ ደወልኩላት። እንኳን አደረሰሽ ካልኩ በኋላ፣ ያጠናሁትን ያህል ባይሆንም፣ ይቅርታ ጠየቅኳት። ያኔም አረጋውያን እያነሳች ነበር፤ ወገቧን በሰፊ ቀበቶ አስራ።

«እኔማ ይቅር ካልኩህ ቆየሁ» አለችኝ። «ለሰውየው ግን ንገረው። እሱ እስካላወቀ ድረስ፣ እሱ ዘንድ እኔ የሰው ሥራ ኮፒ ያደረግኩ ሰው ነኝ።»

እነግረዋለሁ አልኳት። ከቫርታን ጋር ከዚያ በኋላ ብዙ ዓመት ሠራሁ፤ ምሳ አብረን በላን፣ የልጁ ሠርግ ላይ ጨፈርኩ። ጡረታ ሲወጣ የስንብት ንግግር ያደረግኩት እኔ ነኝ፤ ስለ ሐቀኝነቱ አመሰገንኩት። ዝም አይነቅዝም ይላሉ። ዝም ብሎ የሚጎዳው ራሱን ብቻ ለሆነ ሰው ይሆናል። የእኔው ዝምታ የሌላ ሰው ስም ይዞ ነው የነቀዘው።

ዛሬም ጠዋት ሥራ ስጀምር «ገበታ» ብዬ ጻፍኩ፤ ጣቶቼ ሌላ አያውቁም። ይህን ታሪክ መጻፍ ስጀምር፣ እፎይ፣ ይኸው ተናዘዝኩ ብዬ ቀለል ብሎኝ ነበር። እዚህ ስደርስ ግን ምን እያደረግኩ እንደሆነ ገባኝ። ቫርታን በሕይወት አለ፤ ከቤቴ በመኪና ሃያ ደቂቃ ነው። አማርኛ አያነብም።