የይማም ለቅሶ

ኢንተርኔት ላይ ያልተዋወቀ መጽሐፍ እንደማይሸጥ ስለገባኝ፣ የልቦለዴን የመጀመሪያ ዓረፍተ ነገር ፌስቡክ ላይ ለጠፍኩ፦ «አጎቴ ይማም ዛሬ ጧት ገራዶ ላይ ተገድሎ ተገኘ።» አንባቢ እንዲደነግጥልኝ ነበር። ከዚያ ስልኬን አጥፍቼ መጽሐፌን ለሱቆች ላከፋፍል ኮምቦልቻ ወረድኩ።

አመሻሽ ላይ ደሴ ስመለስ ደጃፌ ላይ ድንኳን ተተክሏል። ጎረቤቱ ጋቢውን ተከናንቦ ተቀምጧል። የቅሬያችን፣ የእድሩ፣ ዳኛ ጋሽ ሙሄ አቀፉኝ።

«አላህ ሶብሩን ይስጥህ። አጎት እንዳለህ እንኳን አልነገርከንም።»

«ጋሽ ሙሄ፣ ይማም እኮ እኔ የፈጠርኩት የልቦለድ ሰው ነው» አልኳቸው።

ድንኳኑ ውስጥ ያለው ሁሉ ዞሮ አፈጠጠብኝ። የምገባበት ጨነቀኝ። ቢሆንም ይህን ያህል ሰው ተሰብስቦ መጽሐፌን ሳላስተዋውቅ አልገባም አልኩና፣ ከቦርሳዬ አንዱን አውጥቼ ቆሜ ማንበብ ጀመርኩ። ማንም አልተነሳም። ምዕራፍ አንድን እንደጨረስኩ መጽሐፉን ዘጋሁት።

«ገዳዩን ማወቅ የፈለገ ገዝቶ ያንብብ።»

ጋሽ ሙሄ በምርኩዛቸው ወንበር አሳዩኝ።

«ቁጭ በልና ቀጥል። ወላሂ፣ የይማም ገዳይ ሳይታወቅ ይህ ድንኳን አይነሳም።»