መዳቡን እሹሩሩ ያሉ ሴቶች

ሳሎማት በማርጊላን ከተማ ሠላሳ አንድ ዓመት ኬሚስትሪ አስተምራ ጡረታ ስትወጣ ባልደረቦቿ ምንጣፍ ሸለሟት። እሷ የፈለገችው ግን ሌላ ነበር፤ ከትምህርት ቤቱ ዕቃ ቤት ሊጣል የነበረውን፣ ኤሌክትሪክ መጥኖ የሚሰጠውን አሮጌ ሳጥን ለምና ወሰደች። ምንጣፉን ለልጇ ሚስት ሰጠች። ሳጥኑን ግቢዋ ውስጥ፣ ከወይኑ ሐረግ ሥር አስቀምጣ ቅጠል መዳብ ታለብስበት ጀመር።

የመዳብ ጨው በውሃ ታሟሟለች፤ አሲድ ጠብ ታደርግበታለች፤ ውሃው ሰማያዊ ይሆናል። በአንድ በኩል የመዳብ ሳህን፣ በሌላው በኩል ከመጻፊያ እርሳስ የተፈጨ ጥቁር ዱቄት የተቀባ ቅጠል ታንጠለጥላለች። ኤሌክትሪኩን ስትለቅበት መዳቡ ከሳህኑ እየለቀቀ ቅጠሉ ላይ ይለበጣል። ጎረቤቶቿ «ሳሎማት ኦፓ፣ ታላቅ እህታችን፣ ዛሬስ ምን ቅጠል ቀቀልሽ?» እያሉ ይቀልዱባት ነበር። «አንቺን እቀቅልሻለሁ» ትላለች፣ ቀና ሳትል።

አንድ የጸደይ ጧት ኡስታ ኢኖያት መጡ፤ «ኡስታ» የሚባለው በእጅ ሙያው የተካነ ሰው ነው። በማርጊላን ጨርቅ በእጅ የሚያትሙ የመጨረሻው ሽማግሌ እሳቸው ናቸው። በብብታቸው ሥር የያዙትን ጥቅልል ፈቱ። የሮማን አበባ የተቀረጸበት የእንጨት ማኅተም ነበር፤ መስመሩ እንደ ፀጉር የቀጠነ፣ ጎኑ ግን በነቀዝ የተበሳሳ።

«ቅድመ አያቴ ነው የቀረጸው» አሉ። «ጠራቢው ማሩፍ አይቶ ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? ‹ኡስታ፣ ይህን የሚቀርጽ እጅ አፈር ገብቷል፤ ግድግዳ ላይ ይስቀሉትና ይረፉ› አለኝ።»

«ኡስታ፣ እኔ እኮ ጠራቢ አይደለሁም።»

«ጠራቢማ ጠየቅኩ። ቅጠል መዳብ ያለበሰች ሴት ሮማን ያቅታታል?»

ሳሎማት ማኅተሙን ተቀብላ አገላበጠችው። መልሳም አልሰጠቻቸውም።

የማኅተሙን ፊት ለስላሳ ሰም ላይ ተጭና ቅርጹን ቀዳች፤ ሰሙን ጥቁር ዱቄት ቀብታ ትልቅ የፕላስቲክ ገንዳ ውስጥ፣ ሰማያዊው ውሃ ውስጥ ሰቀለችው። በሁለተኛው ቀን ስታወጣው ተበላሽቶ አገኘችው። ጠርዙ እንደ ዳቦ ፍርፋሪ ሻክሯል፤ የአበባው ጎድጓዳ ግን ገና ስስ ነው። ምክንያቱን ታውቀዋለች፤ ለተማሪዎቿ ስንት ጊዜ አስተምራዋለች። ውሃው ዝም ብሎ ከቆመ ሰሙ አጠገብ ያለው መዳብ ያልቅበታል፤ የራቀው ደግሞ ቶሎ አይደርስለትም። መንቀሳቀስ አለበት።

ከልጇ ቤት ለዓሣ ገንዳ አየር የሚነፋውን መሣሪያ አመጣች። አረፋው ከሥር ያለውን ዝቃጭ ቀሰቀሰው፤ መዳቡ ኪንታሮት አወጣ። ሦስተኛውን ሰም ሰቅላ በመስታወት ዘንግ በእጇ ታማስል ጀመር። ከሁለት ሰዓት በኋላ ክንዷ ዛለ።

አማቷ ቱርሱኖይ በረንዳው ላይ ሆነው ያዩዋታል። ሰማንያ ሦስት ዓመታቸው ነው፤ ዓይናቸው እንጂ ምላሳቸው አልደከመም።

«ሾርባ ነው እንዴ የምታማስዪው?»

«ሾርባ ቢሆን ይሻለኝ ነበር፣ እማ። ሾርባ በአንድ ቀን ይበስላል። ይሄ አምስት ቀን ይፈልጋል፤ ቀስ እያለ፣ ሳያቋርጥ ወዲያና ወዲህ የሚል ውሃ።»

እንዲህ ስትል ዓይኗ በረንዳው ጥግ ላይ አረፈ። ቀለም የተቀባው የሕፃን አልጋ ተሸፍኖ ቆሟል። ከሥሩ ቀስት በመሰሉ እግሮቹ ላይ እየተወዛወዘ ባሏን አስተኝቷል፤ ልጆቿንም፣ የልጅ ልጆቿንም።

ቱርሱኖይ ገባቸው። «አይሆንም» አሉ። «ባዶ አልጋ አይወዘወዝም። ሕፃን ላይ መዓት ይጠራል።»

ሳሎማት ዘንጓን አንስታ ማማሰሏን ቀጠለች። የምሳ ሰዓት ደርሶ አለፈ፤ ቂጣውና ሻዩ እንደተቀመጠ ቀዘቀዘ። አሮጊቷ ምርኩዛቸውን ይዘው ተነሡ።

«ያ ገንዳ ስንት ይመዝናል?»

«የሁለት ዓመት ልጅ ያህል።»

«እንግዲያው ባዶ አይደለማ» አሉ ቱርሱኖይ። «ነይ ሽፋኑን ግፈፊው። ግን እንጨቴን በአሲድሽ ብታቃጥዪው ወዮልሽ።»

ሳሎማት ከሥር ወፍራም ጎማ አነጠፈች፤ ገንዳውን ከነክዳኑ አስገብታ ሕፃን በሚታሰርበት ሰፊ መቀነት ጠፍራ አሰረችው። የኤሌክትሪክ ገመዶቹን ቀጠለችና አልጋውን ገፋች። ውሃው ተንቦጫርቆ ክዳኑን መታ።

«ተይ፣ ተይ» አሉ አማቷ። «አንቺ ልጅ የምትቀሰቅሺ ነው የሚመስለው። ልጆችሽን ማን እንዳስተኛልሽ አሁን ትዝ አለኝ።» አጠገቡ ተቀምጠው በሁለት ጣት ብቻ ያዙት። አልጋው ሄደ፣ መጣ። ሰማያዊው ውሃ ሳይደፈርስ፣ ሳያረፋ፣ ከዳር እስከ ዳር ተንሸራተተ። ሳሎማት በክዳኑ ቀዳዳ አጮልቃ አየች። ሠላሳ አንድ ዓመት ስለ እንቅስቃሴ ስታስተምር እንዲህ ያለ የእጅ ልክ አላየችም።

ወሬው በማግሥቱ ሰፈሩን ዞረው። ጎረቤቷ ሆሊዳ በሩን ከፍታ «ሰማያዊ ውሃ ወለዳችሁ አሉ፤ ማንን ይመስላል?» ብላ ገባች።

«ያንቺን ባል» አሉ ቱርሱኖይ። «ተቀመጪና ተራሽን ወዝውዢ።»

ሆሊዳ ለመሳቅ መጥታ ሦስት ሰዓት ተቀመጠች። ሌሎቹም ክራቸውን፣ ባቄላቸውን ይዘው መጡ። አንዷ በእጇ ታወዛውዛለች፤ ሌሎቹ ያወራሉ። አሮጊቷ ግን ወሬው መሀል ሆነውም «ፈጠነ» ወይም «አንቀላፋሽ» ይላሉ። ሲመሽ ሳሎማት ኤሌክትሪኩን ወደ ጭላጭ ታወርደዋለች፤ የቆመው ውሃ መዳቡን እንዳያሻክረው። ሲነጋ ከፍ ታደርገዋለች።

በስድስተኛው ቀን ሰሙን አውጥታ በሙቅ ውሃ አቀለጠችው። መዳቡ ብቻ እጇ ላይ ቀረ። ለስላሳ ነበር። ጠርዙ አልሻከረም፤ በአበባው ጉድጓድ ውስጥ እንኳ ውፍረቱ አልሳሳም። ጀርባውን በቀለጠ ቆርቆሮ ሞልታ እጀታ ያለው ጣውላ ላይ ገጠመችውና ኡስታ ኢኖያትን አስጠራች።

ኡስታ ማኅተሙን ቀለም ነክረው ነጭ ጨርቅ ላይ አሳረፉት፤ በቡጢያቸው ሁለት ጊዜ መቱት። ሲያነሡት ሮማኑ ፈካ። አጎንብሰው ለረጅም ጊዜ አዩት፤ ከዚያ ጣታቸውን አንድ ቅጠል ላይ አኖሩ።

«እዚህ ጋ የቅድመ አያቴ ቢላ አምልጦታል። አባቴ በልጅነቴ ያሳየኝ ነበር። ስህተቱን እንኳ ሳታስቀሩ ቀድታችሁታል።»

«ላርመው?» አለች ሳሎማት።

«እጅሽን ይዤ እሰብረዋለሁ» አሉ ኡስታ፤ ዓይናቸው ግን ሞልቶ ነበር።

ጌቶች ስማቸውን ከማኅተም ጀርባ መቅረጽ ልማዳቸው ነው። ኡስታ የመቅረጫ ስለታቸውን አውጥተው የማንን ስም ልጻፍ ብለው ጠየቁ። ሳሎማት የአማቷን ስም አለች። ቱርሱኖይ አንገታቸውን በእምቢታ ነቀነቁ። «እኔ ማወዛወዝ እንጂ ጨው ከአሲድ አልለይ። የራስሽን አስጽፊ፤ አትሽኮርመሚ።» ኡስታ ሁለቱንም ጻፉ። ሆሊዳ የእኔስ ብላ ብትጮህም ቦታው አልበቃም።

በበጋው ማሩፍ ጠራቢው ራሱ ማኅተሙን ከኡስታ ተውሶ መጣ። ማኅተሙን አገላብጦ፣ በጥፍሩ ጭሮ፣ መስመሮቹን አንድ በአንድ ቆጥሮ ሄደ። በሳምንቱ የራሱን አባት ሥራ፣ የተሰነጠቁ ሁለት ማኅተሞች፣ በጨርቅ ጠቅልሎ እንድትቀዳለት ላከላት። የሳሎማት የወንድሟ ልጅ አልጋውን የሚያወዛውዝ ሞተር ሊገጥምላቸው ቢመጣ ቱርሱኖይ ሻይ አጠጥተው ሞተሩን ሳይገጥም ሸኙት። ሳሎማት የመጀመሪያውን ህትመት እንግዳ ሲገባ ፊት ለፊት በሚያየው ግድግዳ ላይ ሰቅላ፣ ሰው «ይሄ ምንድን ነው?» እስኪላት ድረስ ዝም ብላ ሻይ ትቀዳለች።