የኣቦይ ባህታ የመሮጫ ጫማ እና የስድስታችን አፍ

ያን እሁድ ጠዋት ከአልጋዬ ስወርድ የግራ እግሬ አውራ ጣት ጥፍር ከሰል መስሎ ነበር። መሬት ሳስነካው እንባዬ መጣ... ከሕመሙ ይልቅ ግን ንዴቱ ነው ያስለቀሰኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። አስመራ፣ ነፃነት በመጣ በሁለተኛው ዓመት። አባቴ ቤተሰቡን ጠቅልሎ ከአዲስ አበባ ወደ አገሩ ከተመለሰ ገና ዓመት አልሞላንም። ከአዲስ አበባ የሄድነውን «አምቼ» ይሉናል። እኔን ሲሉኝ ደግሞ «አፏ የማያርፍ፣ ይሉኝታ የሌላት» ለማለትም ጭምር ነበር። እውነቱን ልናገርና ስሙን ወድጄዋለሁ።

ጠዋት ጠዋት ከሰፈሬ ከጥራቮሎ ልጆች ጋር እሮጥ ነበር። ስድስት ነን፣ አለቃችን ጎይትኦም ነው። የሰፈሩ ጫማ ሰፊ ኣቦይ ባህታ «አገር ካገኘን የአገር ጫማ እንሥራ» ብለው ለስድስታችንም የመሮጫ ጫማ ሰፉልን። በነፃ! የጠየቁን አንድ ነገር ብቻ ነው።

«ሁለት ሳምንት ሩጡበት። ይመቻል ወይስ አይመችም፣ መጥታችሁ ንገሩኝ። ይመቻል ካላችሁ ሸራውን በሙሉ እቆርጠዋለሁ።»

ሸራው ከምጽዋ ስንት ደጅ ጠንተው ያስመጡት አንድ ጥቅል ነው። ከተቆረጠ ተቆረጠ... ሌላ የላቸውም።

ጫማው ሲያዩት ያምራል። ስፌቱ ቀጥ ያለ፣ ሶሉ ልስልስ ያለ። ግን ኣቦይ ባህታ በልጅነታቸው ጣልያን ጫማ ቤት ገብተው የተማሩት የሰርግ ጫማ መስፋት ነው። ግድግዳቸው ላይ የተሰቀሉት መስፊያ የእንጨት እግሮች ሁሉ አፍንጫቸው ሹል ነው። የመሮጫውንም የሰፉት በእነዚያው ላይ ነው። ቆማችሁ ስትለኩት ልክክ ይላል። አሥር ደቂቃ ሮጣችሁበት እግራችሁ ሞቅ ሲለው ግን... አምስቱ ጣቶች ፌርማታ ላይ አውቶቡስ እንደመጣበት ሰው ይጋፋሉ። ቁልቁለቱማ አይነሳ።

ይህን ስድስታችንም እናውቃለን። በየጠዋቱ ሲያነክሱ አያለሁ፣ ሲራገሙ እሰማለሁ። ጎይትኦም ራሱ «ይሄ ነገር አጥንቴን ጨረሰው» ብሎኛል።

ታዲያ ሁለቱ ሳምንት ሞልቶ ያን እሁድ ወደ ሱቃቸው ስንሄድ መንገድ ላይ አቆመን።

«ስምዑ፣ ስሙኝ» አለ። «ሽማግሌው ደክመውበታል። ጽቡቕ እዩ፣ ጥሩ ነው በሏቸውና እንውጣ።»

«ሸራውን ሊቆርጡት እኮ ነው!» አልኩ።

«እና አንቺ ልታሳዝኛቸው ነው? በነፃ ሰጥተውሽ?»

ደሜ ፈላ። «እናንተ ፈሪዎች ናችሁ! እኔ እነግራቸዋለሁ!» ብዬ እያነከስኩ ከፊት ከፊት ሄድኩ።

ኣቦይ ባህታ የታጠበ ሸሚዝ ለብሰው ጠበቁን። ሻሂ አስመጥተዋል። ሸራው ጠረጴዛው ላይ ተዘርግቷል። በየተራ ጠየቁ፣ በየተራ ዋሿቸው።

«ጽቡቕ እዩ ኣቦይ።»

«በጣም ይመቻል፣ የቐንየለይ፣ አመሰግናለሁ ኣቦይ።»

ጎይትኦምማ ይባስ ብሎ «ጥጥ ነው፣ ጥጥ!» አላቸው። እኔ ተራዬን እጠብቃለሁ።

«አንቺስ ጓለይ፣ ልጄ?» አሉኝ። ስኳር ጨመሩልኝ። ዐይኔን ዐይኔን ያዩኛል...

ምን ብል ጥሩ ነው?

«በጣም ጥሩ ነው ኣቦይ።»

ወጣ ከአፌ። እኔ! ያቺ አምቼ! ራሴን በጥፊ ባጮልኩት ደስ ባለኝ።

ኣቦይ ባህታ በረጅሙ ተነፈሱ። «ሐቁን ልንገርሽ» አሉኝ። «እነዚህን አላመንኳቸውም። ያፍሩኛል። አንቺ ግን የሆድሽን ትናገሪያለሽ... አንቺን ነው የጠበቅኩት።» ይህን ብለው መቀሱን አነሱ።

ቀርጨጭ... ክንድ የሚያህል ሸራ ተቆረጠ።

«ይተዉት!» ብዬ ጮህኩ። ጫማዬንም ካልሲዬንም አውልቄ ጥፍሬን አሳየኋቸው።

መቀሱ እጃቸው ላይ ቀረ። ጥፍሬን አዩና ወደ ሌሎቹ ዞሩ።

«አውልቁ» አሉ። «ሁላችሁም! አውልቁ!»

ያን ቀን እዚያ ወለል ላይ የወጣው እግር... የተላጠ፣ በጨርቅ የታሰረ፣ ጥፍሩ የተነቀለ። ጥጥ ነው ያለው የጎይትኦም ከሁሉም የባሰ ነበር። ያን ሳይ በንዴት ጥርሴን አፋጨሁ።

«ስድስት ሰው!» ብለው ጮኹ ኣቦይ ባህታ። «ጣልያኑ አለቃዬ የሰፋሁትን ጫማ ፊቴ ላይ ወርውሮብኛል። ተሰድቤ፣ አልቅሼ ነው ሙያ የተማርኩት። እናንተ ልጆቼ ግን ሻሂዬን እየጠጣችሁ ልታጠፉኝ ነበር!»

ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው... «እነሱስ እሺ። አንቺስ ጓለይ?»

ካልሲዬንና ጫማዬን ከወለሉ ላይ ለቀምኩ።

ሁላችንንም አስወጡን። ከዚያች ክንድ በቀር ሸራው ተረፈ። ሰላምታዬን እስኪመልሱልኝ ግን ወር ሙሉ ፈጀባቸው።

ጎይትኦም ይኸው ሸብቶም ባገኘኝ ቁጥር «እውነት ካልተናገርኩ ብለሽ ሽማግሌውን አሳዘንሻቸው» ይለኛል። እንዴት እንደሚያናድደኝ!

አዎ፣ አሳዝኛቸዋለሁ... «በጣም ጥሩ ነው» ያልኳቸው ጊዜ።