ሳህን ላይ የምትቀረው

እናቴ ከአገር ቤት ቤድፎርድ ከተማ እኔ ዘንድ በመጣች በሁለተኛው ወር፣ ክሊኒክ አብራኝ የምትሠራ ቻይናዊት ነርስ ጓደኛዬ ምሳ ጋበዘችን። እሁድ ከቸርች ስንወጣ በቀጥታ ሪቻርድሰን ከተማ ወዳለው የቻይና ምግብ ቤት ነዳሁ። ጓደኛዬ ከአባቷ ጋር ቀድማን ደርሳለች፤ ሽማግሌው እንግሊዝኛ አይችሉም፣ እናቴም እንደዚያው።

ምግቡ በጋሪ እየተገፋ ነው የሚመጣው። ጓደኛዬ የአሳማ ሥጋ የሌለበትን እየመረጠች ትንንሽ የቀርከሃ መሶቦች ደረደረችልን። በስስ ሊጥ የተጠቀለለ የበሬ ሥጋ ነበር፣ ገና ይተናል። እናቴ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ፣

«ይሄ መቼም ለቅምሻ ነው። ምሳው መቼ ይመጣል?» አለችኝ።

«ምሳው ይኸው ነው እማዬ። እየቀማመስሽ ትጠግቢያለሽ።»

እውነትም ጠገበች። ችግሩ የመጣው መጨረሻ ላይ ነው። ከጥቅልሎቹ አንዲት ፍሬ ቀረች። ሽማግሌው ወደ እናቴ ገፏት፣ እናቴ መለሰችላቸው።

«ይብሉ እንጂ፣ አፈር ስሆን!»

«ምን አለች?» አለችኝ ጓደኛዬ።

አሁን ይሄ እንዴት ይተረጎማል? «ካልበሉላት አፈር ልሁን እያለች ነው» አልኳት። ለአባቷ ነገረቻቸው። ሽማግሌው ደንግጠው እናቴን ትክ ብለው አዩዋትና አንድ ነገር አሉ።

«‹አሟቸዋል እንዴ?› ይላል» አለች ጓደኛዬ።

ለእናቴ ስነግራት እንባዋ እስኪፈስ ሳቀች። ሽማግሌውም ሳቁ። ፍሬዋን ግን ማንም ሳይነካት አስተናጋጇ አነሣቻት።

ሰኞ ይህን ስናወራ የሰማ ስፔናዊ ባልደረባችን፣ «በቃ፣ ቀጣዩ ተራ የኔ ነው» አለ። ቅዳሜ አራታችንንም አዲሰን ከተማ ወዳለ የስፔን ምግብ ቤት ይዞን ሄደ። አሁንም ትንንሽ ሳህኖች፤ ወይራ፣ አይብ፣ ከድንች ጋር የተጠበሰ እንቁላል። እናቴ ለምዳለች፤ ጥሩ ጥሩውን ወደ ሽማግሌው ታስጠጋለች፣ እሳቸውም ወደ እሷ። በመጨረሻም አንዲት የእንቁላል ቁራሽ ቀረችና ሁላችንም እናያት ጀመር።

ስፔናዊው ፈገግ አለ። «እኛ አገር ይቺ ስም አላት፤ ‹የሀፍረቷ› እንላታለን። ሰው ሁሉ ለመውሰድ ያፍራል።»

ለእናቴ ተረጎምኩላት። ዙሪያውን አንድ በአንድ አየችን።

«እንግዲያው ሀፍረቱን እኔ ልሸከምላችሁ!» ብላ አነሣቻትና ጎረሰቻት።

ሽማግሌው ማንም ሳይተረጉምላቸው አጨበጨቡ። ስፔናዊውም አስተናጋጁን ጠርቶ ሌላ ሳህን አዘዘ።

ስንመለስ መኪና ውስጥ፣ «በሚቀጥለው ቅዳሜ ሁሉም እኛ ቤት ናቸው» አለችኝ።

«መቼ ጠራሻቸው?»

ለካ እኔ መኪናውን ላመጣ ስወጣ፣ በእጇ ምልክት ጋብዛቸው ኖሯል። እነሱም እሺ ብለዋታል።