በዚህ ቤት አማርኛ አይወራም

ከነፍስ አባቴ እንኳን ደብቄዋለሁ። ስንት ጊዜ ንስሐ ገባሁ፣ ስንት ጊዜ ሌላ ሌላውን ዘርዝሬ ይህን ዘልዬ ወጣሁ! አሁን መሸከሙ ደከመኝ፤ ለእናንተ ልናገረው።

እናቴ ስታርፍ አባቴ እንጦጦ ላይ ብቻቸውን ቀሩ። ለምኜ ወሰን ሰፈር ወዳለው ቤቴ አመጣኋቸው። ልጄ ሜላት ያን ዓመት ኮተቤ ካለ የግል ትምህርት ቤት መዋዕለ ሕፃናት ገብታ ነበር። ትምህርት ቤቱን አላማውም። መምህራኑ እያንዳንዱን ልጅ በስሙ ያውቁ ነበር፤ ከቀሚሴ ሥር የማትወጣው ዓይን አፋር ልጄ ብዙም ሳትቆይ ሰው ፊት ቆማ መዘመር ጀመረች። ታዲያ በወላጆች ስብሰባ ላይ «ቤትም በእንግሊዝኛ ብቻ አናግሯቸው» አሉን። ሌላው ወላጅ ሰምቶ ወደ ቤቱ ሄደ፤ እኔ ሕግ አደረግሁት። አባቴ እንግሊዝኛ እንደማይችሉ አላውቅም ነበር? አውቅ ነበር እንጂ።

አንድ ቀን ከሥራ ስገባ ሜላትን ጉልበታቸው ላይ አስቀምጠው «ተረት ተረት» ሲሉ ደረስኩ። ልጅቷ «የላም በረት» ብላ ሳትጨርስ አቋረጥኳት።

«አባባ፣ እባክዎ በአማርኛ አያናግሯት። ያበላሹብኛል።»

«ታዲያ በምን ላናግራት፣ ልጄ?» አሉኝ።

ወደ ጓዳ ገባሁ። ያበላሹብኛል አልኩ! እኔን ባሳደገ አንደበት ልጄ የምትበላሽ ይመስል። ያልኩት እኔ ነኝ፤ ትምህርት ቤቱ አይደለም፣ ባሌም አይደለም።

ከዚያ ወዲያ ልጅቷ ስትጠጋቸው ራሷን ዳበስ አድርገው ፈገግ ይላሉ እንጂ አይናገሩም። እኔ በሌለሁበት እንኳን ትንፍሽ እንደማይሉ ሠራተኛዬ ነግራኛለች። ቃሌን አክብረው ነው። እኔስ ምን አደረግሁ? እሳቸው ሲከፋቸው እያየሁ፣ ጎረቤት በልጄ እንግሊዝኛ ሲደነቅ ደስ እያለኝ ከረምኩ። «ይናገሩ፣ አባባ» ማለት ምን ይከብድ ነበር? ነገ ነገ ስል አረፉ።

ሜላት ዛሬ መገናኛ ጥሩ መሥሪያ ቤት ትሠራለች። እንጀራዋን ያገኘችው በዚያ ትምህርት ነው፤ እኮራባታለሁ፣ ይህንንም አልክድም። በቀደም እኛ ቤት ከጓደኞቿ ጋር ምሳ በልተው ስለ ልጅነታቸው ሲያወሩ ሰማኋት።

«አያቴ ጥሩ ሰው ነበሩ፤ ግን በጣም ሳይለንት። የሚወዱኝ አይመስለኝም ነበር» አለች።

እኔ ሳህን እያነሳሁ ነበር። አንስቼ ወጣሁ።

ይቅር በሉኝ አልልም። ልጄ አያቷ እንዳልወደዷት አምና እየኖረች ነው፤ እኔም ዛሬ ድረስ አልነገርኳትም።